በሞተርሆም የፍራፍሬና የጥንት ወርቅ አገርን መዞር፦ ከጎንደር ለተጠየቀ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ሃያ ዓመት በጎንደር–ደባርቅ መስመር ሚኒባስ ነድቻለሁ። ልጄ ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች ከተማ ነች። ከጥምቀት በኋላ እኔንና እናቷን ልትወስደን አስባለች፤ ሞተርሆም (አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያለው መኪና) ተከራይተን ሴንትራል ኦታጎ የሚባለውን ፍራፍሬ የሚበቅልበት፣ ድሮ ወርቅ ይወጣበት የነበረ አገር እንድናይ ትፈልጋለች። መኪናውን እኔ ልነዳው እችላለሁ? ውስጡ ማደሩ፣ ውሃው፣ ሽንት ቤቱስ እንዴት ነው? ስንት ቀን ይበቃል? ወርቅ ማጠብስ ይፈቀዳል?»

ጋሼ፣ መንዳቱን ይችላሉ። ዘጠኝ ሌሊት ይበቃል፤ ሰባት ካደረጉት ጥድፊያ ይሆናል። ወርቅም ለሕዝብ በተከለሉ ቦታዎች ያለ ፈቃድ በእጅ ማጠብ ይቻላል። የጎንደር–ደባርቅን መንገድ ለለመደ ሾፌር የዚያ አገር ዳገትና ቁልቁለት አያስጨንቅም። እንግዳን የሚያስቸግሩት በግራ መንዳትና መኪናው ይዞት የሚሄደው ውሃ ናቸውና እነሱ ላይ ረዘም አደርጋለሁ።

መጀመሪያ ጊዜው። እዚያ ጥር በጋ ነው። ጥር 20 ገደማ ብትነሡ ቼሪው እያለቀ ይሆናል፤ አፕሪኮት፣ ኮክ፣ ፕሪምና ኔክታሪን (ልጣጩ ጸጉር የሌለው ኮክ ማለት ነው) ግን በሽ በሽ ነው። አፕሉ ገና ዛፉ ላይ ነው፤ ለቀማው የሚጀምረው በየካቲት መጨረሻ ነው። ጥር 29 ላይ የአገሩ ብሔራዊ በዓል ስለሚውል ለዚያ ሰሞን ማደሪያውን አስቀድማችሁ ያዙ። የሰዓት ልዩነቱ በዚያ ወቅት አሥር ሰዓት ነው፤ ጎንደር ላይ ሲመሽ እዚያ ሊነጋ ነው። ስለዚህ ከአውሮፕላን ወርደው በዚያው ቀን መሪ እንዳይጨብጡ። ቢያንስ ሁለት ሌሊት ልጅዎ ቤት ይረፉ። እንቅልፍ ባልጠገበ ዓይን በማያውቁት የመንገድ ጎን መንዳት በዚህ ጉዞ ሁሉ ትልቁ አደጋ ነው።

መንጃ ፈቃድዎ እንግሊዝኛ ከሌለበት ወይም ጽሑፉ ከደበዘዘ ትክክለኛ ትርጉም ወይም ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አብሮ መያዝ አለበት። የአገሩ ተራ የመኪና መንጃ ፈቃድ ከነጭነቱ እስከ 6,000 ኪሎ ያስነዳል፤ የሚከራዩት ሞተርሆሞች በአብዛኛው ከዚያ በታች ናቸው። ከ3,500 ኪሎ በላይ ለሆነ መኪና ግን የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሌላው መኪና በአገር አቋራጭ መንገድ 100 ይሄዳል። የመኪናውን ክብደት ኪራዩን ስትፈርሙ ጠይቁ።

መኪናውን ስትመርጡ ስለ አልጋው አስቡ። ለሦስት ሰው ባለ አራት አልጋ ይሻላል፤ በወረቀት «ለሁለት ከልጅ ጋር» የሚባለው ጠባብ ነው። ከሾፌሩ ራስ በላይ ያለው አልጋ በመሰላል የሚወጣ በመሆኑ ለልጅዎ ይሁን። እናንተ ከኋላ ያለውን ያዙ። የኋላው አልጋ ደግሞ ሁለት ዓይነት አለው፤ አንዱ ሁልጊዜ ተነጥፎ የሚኖር ነው፣ ሌላው ማታ ማታ ጠረጴዛው ወርዶ ትራስ እየተደረደረ የሚሠራ ነው። ጉልበት ለሚያመው ሰው ሁለተኛው ከሦስተኛው ሌሊት በኋላ ያሰለቻል። የአልጋና የመቀመጫ ቀበቶ ቁጥር አንድ ላይሆን ይችላልና ቀበቶውንም ቁጠሩ። ማርሹ አውቶማቲክ ይሁን፤ ግራ እጅ ማርሽ መቀየር እስኪለምድ ድረስ ሐሳብ ይከፍላል።

አሁን በግራ መንዳት። ጎንደር ላይ መሪው በግራ ነው፣ መንገዱ በቀኝ። እዚያ መሪው በቀኝ ነው፣ መንገዱ በግራ። አንድ ነገር ግን በሁለቱም አገር አይለወጥም፤ ሾፌሩ የሚቀመጠው ከመንገዱ መሃል መስመር ጎን ነው። ከቆሙበት በተነሡ ቁጥር «መስመሩ ከክንዴ አጠገብ ነው?» ብለው ይዩ። መሐል መስመሩ ከጋቢና ተሳፋሪው በኩል ከሆነ ተሳስተዋል ማለት ነው። ስህተቱ የሚመጣው መኪና በበዛበት ቦታ አይደለም፤ ሌላው መኪና ይመራዎታልና። የሚመጣው ጠዋት ከማደሪያው ሲወጡ፣ ከነዳጅ ማደያ ሲነሡና ባዶ መንገድ ላይ ፎቶ አንስተው ሲመለሱ ነው። በእነዚህ ጊዜያት ልጅዎ ጋቢና ተቀምጣ ጮክ ብላ «ግራ» ትበልዎት።

አደባባይ ላይ የሚዞሩት እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው፣ ቅድሚያውም ከቀኝዎ ለሚመጣው ነው። ወደ ቀኝ መታጠፍ ከፊት የሚመጣውን መኪና ያቋርጣል፤ የእኛ የግራ መታጠፍ ማለት ነው። ሌላው የማይነገር ችግር ሰውነት ከለመደበት የሚመጣ ነው። በግራ በኩል ተቀምጦ የኖረ ሾፌር መኪናውን ሳያስበው ወደ ግራ ጠርዝ ያስጠጋል። ሞተርሆም ስፖኪዮውን ሳይጨምር ከሁለት ሜትር በላይ ይሰፋል፤ የግራው ጎማ ከአስፋልቱ ወርዶ ለስላሳው ጠጠር ላይ ሲገባ መኪናው ይጎተታል። የግራውን ስፖኪዮ ዝቅ አድርገው የኋላ ጎማውና ነጩ የጠርዝ መስመር አብረው እንዲታዩ ያስተካክሉት። ፍሬቻውም ያታልላል፤ አውሮፓ ሠራሽ ሞተርሆም ላይ እንደለመዱት በግራ ነው፣ ጃፓን ሠራሹ ላይ ግን በቀኝ ስለሆነ ፍሬቻ ያሉ ዝናብ መጥረጊያ ይነሣል።

አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ ድልድዮች ብዙ ናቸው። ምልክቱ ሁለት ቀስት አለው። ከእርስዎ በኩል ያለው ትንሹ ቀይ ከሆነ ቆመው ያሳልፉ፤ ትልቁ ነጭ ከሆነ ቅድሚያው የእርስዎ ነው። ከኋላዎ መኪና ሲደረደር ሰፊ ቦታ ሲያገኙ ጥግ ይዘው ማሳለፍ እዚያ ግዴታም ጨዋነትም ነው። ቁልቁለት ላይ እንደለመዱት ነው፤ አውቶማቲኩን በእጅ ዝቅተኛ ማርሽ ላይ ያድርጉት፣ ፍሬኑን እየነኩ መልቀቅ እንጂ ረግጦ መቆየት አይሁን። ቤት የተሸከመ መኪና ፍሬኑ ቶሎ ይግላል።

ነዳጁ በአብዛኛው ናፍጣ ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር ከ11 እስከ 14 ሊትር ይቁጠሩ። እዚያ የናፍጣ መኪና የመንገድ ቀረጥ ከነዳጁ ዋጋ ላይ አይቆረጥም፤ በተነዳው ኪሎ ሜትር ለብቻው ይታሰባል፣ አከራዩም መኪናው ሲመለስ ያስከፍላል። ማደያ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። በመኪናው ጎን ሦስት ክዳን ሊኖር ይችላል፤ የናፍጣ፣ የመጠጥ ውሃና የጭስ ማጣሪያው ፈሳሽ (አድብሉ)። የውሃውም የአድብሉውም ክዳን ሰማያዊ የሚሆንበት መኪና አለ። ናፍጣ ውሃ ታንከር ውስጥ ከገባ ቧንቧውም ፓምፑም ይበላሻል፤ አድብሉ ናፍጣ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሞተሩን ፈጽሞ ማስነሣት የለብዎትም፣ ደውለው ማስጎተት ነው። ኢንሹራንሱ ይህን አይሸፍንም። መኪናውን ስትረከቡ የእያንዳንዱን ክዳን ፎቶ አንሡና ስሙን ጻፉበት።

ወደ ውሃው ልምጣ። መኪናው ሦስት ዕቃ ይዟል፦ ንጹህ ውሃ፣ እጣቢና የሽንት ቤት ካሴት (ሽንቱ የሚጠራቀምበት፣ ተስቦ የሚወጣ ሣጥን)። የንጹህ ውሃው ታንከር በብዛት ከ80 እስከ 120 ሊትር ነው። የመታጠቢያው ቧንቧ በደቂቃ ስምንት ሊትር ያህል ስለሚያፈስ ሦስት ሰው አራት አራት ደቂቃ ቢታጠብ መቶው ሊትር አለቀ። ሰውነትን ማርጠብ፣ መዝጋት፣ ሳሙና፣ ከዚያ መለቃለቅ፤ እንዲህ ከሆነ አንድ ሰው በአሥር ሊትር ይበቃዋል። ጎንደር ላይ ውሃ በጀሪካን ቆጥቦ የኖረ ሰው በዚህ ከማንም ይበልጣል። ፓምፑ ማንም ሳይከፍት ቱር ቱር ካለ አንድ ቧንቧ ያንጠባጥባል ወይም ታንከሩ ባዶ ነው። ባዶውን የሚሽከረከር ፓምፕ ይቃጠላልና ማብሪያውን ወዲያው ያጥፉ። ሲነዱም ይጥፋ።

እጣቢው ከመኪናው ሆድ ሥር ይጠራቀማል። ሜዳ ላይ መልቀቅ ክልክል ነው። የሚፈሰው በየከተማው ባለው የፍሳሽ መድፊያ ጣቢያ ነው፤ መኪናውን ፍርግርጉ ላይ አቁሞ፣ ቱቦውን ገጥሞ፣ ማንሻውን መሳብ ነው። በሙቀት ከሁለት ቀን በላይ ካደረ ይሸታል፤ የሚያሸተው የምግብ ቅባትና ፍርፋሪ ስለሆነ ድስቱን ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ይጥረጉት።

ካሴቱን ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ ሥርዓቱን ለያዘ ግን አምስት ደቂቃ ነው። ከ17 እስከ 20 ሊትር ይይዛል። ለሦስት ሰው በየሁለት ቀኑ ይደፋ፤ ቀዩ መብራት እስኪበራ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ስለሚከብድ። መጀመሪያ ውስጥ ያለውን የመዝጊያ ምላስ እስከ መጨረሻው ይዝጉ፤ ክፍት ሆኖ ካሴቱ አይወጣም፣ በኃይል ቢስቡት ምላሱ ይሰበራል። ከውጭ በኩል ትንሿን በር ከፍተው ካሴቱን ቀጥ አድርገው ያውጡ። መድፊያው ላይ አንገቱን ወደ ራስዎ ተቃራኒ አዙረው ክዳኑን ይክፈቱ፤ ሲያጋድሉት የአየር ቁልፉን በአውራ ጣት ተጭነው ይያዙ። ይህችን ቁልፍ የረሳ ሰው ነው የሚረጨው፤ አየር ሳይገባ ፈሳሹ ጓ ጓ እያለ ስለሚወጣ። ሁለት ጊዜ በውሃ ያለቅልቁ፣ ከዚያ ሁለት ሊትር ውሃና በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያህል መድኃኒት ጨምረው ይመልሱት። መድፊያው ጋ ያለው ቱቦ ለካሴት ማጠቢያ ነው፣ በእሱ የመጠጥ ውሃ ፈጽሞ አይቀዳም። የመጠጡ ቧንቧ ለብቻው ምልክት አለው።

ከካምፕ ውጭ በነጻ ማደር የሚፈቀድባቸው ቦታዎች አሉ፤ ግን መኪናው ለብቻው መኖር እንደሚችል የሚያረጋግጥ አረንጓዴ ምስክር ወረቀት መስተዋቱ ላይ መኖር አለበት። ለዚህ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከመኪናው ጋር የታሠረ እንጂ ተነቃይ መሆን አይችልም። የቦታውን ሰሌዳ አንብቡ፤ ስንት ሌሊት እንደሚፈቀድ እዚያው ተጽፏል። በዚህ ጉዞ ግን ሁለት ሌሊት በነጻ፣ አንድ ሌሊት ኤሌክትሪክ ባለው ካምፕ እያሉ ማፈራረቅ ከሁሉ ይሻላል። ምክንያቱ ባትሪው ነው። የቤቱ ባትሪ 100 አምፐር-ሰዓት ቢሆን፣ ተራ ዓይነት ከሆነ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን፣ 50ውን ነው። ፍሪጁ በበጋ ቀን 35 ያህል ይወስዳል፣ መብራቱና ፓምፑ ስምንት፣ ስልኮቹ አምስት። ሳይነዱ ከአንድ ቀን በላይ መቆየት አይቻልም። ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት መንዳት ጥሩ አድርጎ ይሞላዋል። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬትና ማይክሮዌቩ የሚሠሩት ገመዱ ከካምፑ ምሰሶ ሲሰካ ብቻ ነው። «ሶኬቱ ተበላሸ» ብሎ የሚደውል እንግዳ ብዙ ነው፤ ምንም አልተበላሸም። ገመዱ ተሰክቶም ካልሠራ በካቢኔው ውስጥ ያለውን ብሬከር ይመልከቱ።

ጋዙ በውጭ በኩል በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ነው። ሲነዱ ሲሊንደሩ ይዘጋ። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ካፈሰ ወለል ላይ ይተኛል፤ ለዚህ ሲባል ወለሉ ላይ የመውጫ ቀዳዳ አለ፣ በምንጣፍ አይሸፈን። ቡና ስለማይቀር በግልጽ ልበል፦ ከሰል በምንም ምክንያት መኪናው ውስጥ አይገባ፣ ብርድ ቢሆንም፣ «ፍሙ ነጥቷል» ቢባልም። ፍም ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ ቤቱ ደግሞ ከአንድ ጓዳ ያነሰ ነው። ውጭም ቢሆን ሴንትራል ኦታጎ በበጋ ሣሩ እንደ ክብሪት ስለሆነ የእሳት ክልከላ ይወጣል። ቡናው ተቆልቶና ተፈጭቶ ይሂድ፣ በመኪናው ምድጃ ላይ መስኮት ከፍታችሁ አፍሉት። ሽንኩርት ስታቁላሉም ጣሪያውን ክፈቱ፣ የጭስ ማንቂያው አይምርም።

ከጎንደር የሚያዘውን ሁሉ ደግሞ ድንበር ላይ አስመዝግቡ። ማርና ቂቤውን እዚሁ ተዉት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቡና፣ ቆሎ፣ አንድም ሳይቀር በመግቢያው ቅጽ ላይ «ምግብ ይዣለሁ» ይባል። ያስመዘገበ ሰው ቢከፋ ዕቃው ይወሰድበታል እንጂ አይቀጣም፤ የደበቀ ግን እዚያው ላይ 400 የኒውዚላንድ ዶላር ይከፍላል። በቦርሳ ውስጥ የተረሳ አንድ ብርቱካንም ያስቀጣል። ጫማውንም ከአፈር አጽዱ፣ ሶሉን ገልብጠው ያዩታል። ድርቆሽ ካለፈላችሁ ለመንገድ እንደ እሱ የሚመች የለም፤ ካላለፈ ልጅዎ እንጀራ በቀጭኑ ታድርቅ።

መንገዱ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ። በመጀመሪያው ቀን ከክራይስትቸርች ቴካፖ ሐይቅ፣ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለተኛው ቀን በሊንዲስ ማለፊያ (970 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው፤ ከጎንደር እጅግ ዝቅ ያለ) ወደ ክሮምዌል፣ 200 ያህል። ከዚያ በኋላ የቀኑ መንገድ አጭር ነው። ክሮምዌልና አካባቢው ላይ አራት ሌሊት፣ ክላይድና አሌክሳንድራ ላይ ሁለት፣ ሮክስበርግ ወይም ሎረንስ አንድ፣ ደኒደን አንድ፤ ከዚያ በባሕሩ ዳር 360 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ክራይስትቸርች። በጠቅላላው 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የነፋስ ማስጠንቀቂያ ካለ አትንቀሳቀሱ፤ የሞተርሆም ጎኑ ነፋስን እንደ ሸራ ይይዛል፣ ተገልብጦ ለሚደርስ ጉዳት ደግሞ ብዙ ኢንሹራንስ አይከፍልም።

ይህ አገር ፍራፍሬና ወርቅ ያገናኘው በውሃ ነው። አሌክሳንድራ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 350 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎንደር ሦስት እጥፉን ታገኛለች። ክረምቱ ብርቱ ውርጭ፣ በጋው ደረቅ ሙቀት ነው። አፕሪኮትና ቼሪ የሚወዱት ይህንኑ ነው፤ ዛፉ በብርዱ ካልተኛ በደንብ አያብብም፣ ፍሬው ሲበስል ደግሞ ዝናብ አይፈልግም። ቼሪ ሊለቀም ሲል ከዘነበበት ልጣጩ ይሰነጠቃል፤ በዚህ ምክንያት ሄሊኮፕተር ከዛፉ በላይ አንዣቦ ውሃውን በነፋስ የሚያራግፍበት ጊዜ አለ። በየእርሻው የምታዩዋቸው ረጃጅም ማራገቢያዎች ለጸደይ ውርጭ መከላከያ ናቸው። ውሃ የሚረጭም አለ፤ ውሃው እምቡጡ ላይ ሲረጋ ሙቀት ስለሚለቅ እምቡጡ ከዜሮ ብዙም አይወርድም።

ዝናብ ከሌለ ውሃው ከየት መጣ ቢሉ፣ ብዙውን ቦይ የቆፈሩት ወርቅ አጣቢዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1861 ገብርኤል ሪድ የተባለ ሰው ዛሬ ሎረንስ ከሚባለው ከተማ አጠገብ ወርቅ አገኘ፤ የያዘው መሣሪያ የቆርቆሮ ሳህንና የሥጋ ቢላዋ ነበር። በ1862 ሃርትሊና ራይሊ የተባሉ ሁለት ሰዎች ከክሮምዌል ገደል 32 ኪሎ ግራም ያህል ወርቅ ይዘው ደኒደን ገቡ። ከዚያ ሕዝቡ ጎረፈ። የወንዙ ዳር ሲያልቅ ወደ ኮረብታው ወጡ። እዚያ ወርቅ አለ ውሃ የለም፤ ከተራራ ምንጭ ብዙ ኪሎ ሜትር ቦይ እየቆፈሩ ውሃ አመጡና በግፊት እየረጩ ኮረብታውን አጠቡት። ወርቁ ሲመናመን ቦዩ ቀረ፣ ገበሬው ተረከበው። ፌሮ የተባለ ፈረንሳዊ ገና በ1864 ክላይድ አጠገብ ወይንና ፍራፍሬ ተክሎ ነበር።

ይህን በዓይን የሚያሳየው ባነክበርን ነው፣ ከክሮምዌል ጥቂት ኪሎ ሜትር። አንድ ኮረብታ ውሃ ቆርጦት፣ ቢጫ ገደልና የድንጋይ ክምር ብቻ ቀርቶ ይታያል። የእግር መንገዱን በዝግታ ለሚሄድ ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ጥላ የለውምና በጠዋት ጀምሩ፣ ለሰው አንድ ሊትር ውሃ ያዙ። ላዩ ላይ የማዕድን ሠራተኞች የኖሩባት ስቱዋርት ታውን ፍርስራሽ አለች፤ ያረጁ የፒርና የአፕሪኮት ዛፎች አሁንም ቆመዋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን አጭር ቁጥቋጦ በጣት አሽተው ያሽቱት። የደባርቅ ሰው ወዲያው ያውቀዋል፤ የጦስኝ ዘመድ ነው፣ ከአውሮፓ መጥቶ ኮረብታውን ሁሉ ለብሶታል።

ክሮምዌል መግቢያ ላይ ትልቅ የአፕል፣ የፒር፣ የኔክታሪንና የአፕሪኮት ሐውልት አለ። አሮጌው ከተማ ከፊሉ እ.ኤ.አ. በ1992 እና 1993 ደንስታን ሐይቅ ሲሞላ ከነፍራፍሬ እርሻው ሰጥሟል፤ የቀሩት ቤቶች ሐይቁ ዳር ይታያሉ። ቤንዲጎ የተባለው የጥንት የወርቅ መንደር ያምራል፤ ነገር ግን ላይኛው መንገድ ቀጥ ያለ የጠጠር ዳገት ስለሆነ ሞተርሆሙ ታች ይቁም፣ ከተሠመረው የእግር መንገድም አትውጡ፤ ጉድጓዶቹ ጥልቅና ክፍት ናቸው። ስኪፐርስ የተባለውን የገደል መንገድ የኪራይ ውል በግልጽ ይከለክለዋል፣ ኢንሹራንሱም እዚያ ያበቃል።

ፍራፍሬ ስትገዙ ከእርሻው በር ላይ ካለው ሱቅ ግዙ። ሰው የሌለበት የመንገድ ዳር መደብም አለ፤ ዋጋው ተጽፏል፣ ገንዘቡን ሳጥኑ ውስጥ መክተት ነው፤ ስለዚህ ሳንቲም ያዙ። ራስን አስለቅሞ በኪሎ የሚያስከፍል እርሻም አለ። አፕሪኮት ከሁለት ድርብ በላይ አይደራረብ፣ የታችኛው ይፈርጣል። ቼሪ ሳይታጠብ ከነእንጨቱ ፍሪጅ ይግባ፤ ከታጠበ በሁለት ቀን ይሻግታል። ቆሞ በፀሐይ የዋለ መኪና ውስጥ ኮክ አትተዉ፣ በአንድ ከሰዓት ይበላሻል። ጾመ ነነዌ በጉዟችሁ ከዋለ ከፍራፍሬውና ከድርቆሽ ፍርፍሩ የሚጎድል የለም።

ለወርቅ ማጠቢያ አሮውታውን ይመቻል፤ ከክሮምዌል አንድ ሰዓት አይሞላም፣ የተከለለው ቦታ ከከተማው ሥር ወንዙ ላይ ነው። በተከለለው ቦታ አካፋና ገበቴ ይፈቀዳል፣ ሞተር ያለው ነገር አይፈቀድም፤ ያገኙት የእርስዎ ነው። ገበቴ ከከተማው ይከራያል። ውሃው ከሚታጠፍበት ከውስጠኛው ጎን፣ ከትልቅ ድንጋይ ኋላና ከዐለት ስንጥቅ ይዛቁ። ገበቴውን ሁለት ሦስተኛ ሞልተው ውሃ ውስጥ እንዳለ ጭቃውን በእጅ ያሟሙት፣ ጠጠሩን እያጠቡ ይጣሉ። ከዚያ ቀጥ አድርገው ግራ ቀኝ ይነቅንቁ፤ ወርቅ ከተራ አሸዋ ሰባት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ታች ይወርዳል። አሁን አፉን ወደ ውሃው አዘንብለው ላይኛውን ብቻ ይልቀቁ። ነቅነቅ፣ ለቀቅ፤ ጥቁር አሸዋ እስኪቀር ድረስ። ጀማሪ የሚሳሳተው ሳይነቀንቅ ቶሎ ማፍሰስ ላይ ነው። የዚያ አገር አሸዋ በሚያብረቀርቅ ድንጋይ የተሞላ ስለሆነ ቶሎ አይደሰቱ። ገበቴውን በሰውነትዎ ጥላ ውስጥ ያድርጉት፤ ብልጭታው ከጠፋ ተራ ነገር ነው፣ ወርቅ በጥላም ቢጫ ነው። በጣት ጥፍር ቢጫኑትም አይፈረፈርም።

እዚያው አሮውታውን ጫፍ፣ ከጅረቱ ዳር፣ እ.ኤ.አ. ከ1866 ጀምሮ የመጡት ቻይናውያን የኖሩባቸው ትናንሽ ጎጆዎች አሉ። ሌላው ትቶት የሄደውን አሸዋ መልሰው ያጠቡ ሰዎች ናቸው። አንዳንዱ ጎጆ ዐለት ተደግፎ የተሠራ፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ነው። አይለፏችሁ።

ጠዋት ጠዋት ከመነሣታችሁ በፊት ልጅዎ መኪናውን አንዴ ትዙረው፤ ገመዱ ተነቅሏል፣ ጋዙ ተዘግቷል፣ የጣሪያው መስኮት ወርዷል፣ ደረጃው ገብቷል፣ የፍሪጁና የመሳቢያው መቆለፊያ ተይዟል። ያልተቆለፈ መሳቢያ በመጀመሪያው አደባባይ ላይ ሲኒውን ሁሉ ያወርደዋል። መኪናውን ስትመልሱ ናፍጣው ሙሉ፣ እጣቢውና ካሴቱ ባዶ ይሁን፤ ካሴቱ ሳይደፋ ከተመለሰ ማጽጃው ውድ ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ስትወስዱም ስትመልሱም ፎቶ አንሡ፣ የመንገድ ቀረጡ የሚሰላው በእሱ ነው።